ለጫማ ሰፊው ለፈረደ

ፈረደ፣ ስትደውል ዝም አልኩህ ትናንት፣
አፌ ስፒል ሞልቶ፣ ለአንድ ደንበኛ ሱሪ ሳሳጥርለት።
«ናታንያ ላይ ሱቅ ከፈትኩ፣ የሚያንኳኳ ጠፋ፣
ሰው በምን ያውቀኛል?» ብለህ ስትከፋ፣
ሰማሁህ። እነሆ፣ የማውቀውን ያህል፣
የእህቴ ልጅ ማዓያን ያስተማረችኝን፣ ከቂርያት ማልአኪ ልጻፍልህ በውል።

ከአምፖል ሥር አታንሳው ጫማውን፣ ፈረደ፣
ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ ወባ እንደያዘው ሰው መልኩ የወረደ።
ጠዋት በሩ ላይ አውጣው፣ ፀሐይ በጎን ስትመጣ፣
ያኔ ስፌቱ ይታያል፣ ክሩ ከቆዳው ሲወጣ።

እኔ አንድ ወር ሙሉ የማሽኔን ፎቶ ስለጥፍ ከረምኩ፤
ማሽን የሚገዛኝ ማን ነው? ኋላ በራሴ ሳቅኩ።
«እጅህን አሳይ» አለችኝ፣ «ሰው የሚያምነው እጅ ነው፣
ጣትህ ላይ ያለችውን የመርፌ ጠባሳ ሳይቀር አሳየው።»

ቪዲዮ ስትሠራ ሀተታ አትጀምር፣
ከቅድመ አያት ተነስተህ የዘር ሐረግ አትቁጠር።
ሰው የሚያይህ አውቶቡስ ሲጠብቅ ነው፣ ቆሞ፣
በአንድ እጁ ዘንቢል ይዞ፣ ደክሞ።
አሮጌው ተረከዝ ሲነቀል፣ አዲሱ ሲመታ፣ በቃ፤
አውቶቡሱ ሳይመጣ ታሪክህ ያብቃ።

ዋጋህን አትደብቅ።
«በውስጥ ጠይቁኝ» ያልኩ ጊዜ አሥራ አንድ ሰው ጠየቀ፣
አንዱም ደጄን አልረገጠም፣ ሁሉም በዚያው ደረቀ።
«ዚፕ መቀየር አርባ ሼኬል» ብዬ የጻፍኩ ዕለት ግን፣
ሦስት ሴቶች ከነከረጢታቸው ሞሉት ደጃፌን።

«ከገበያው ኋላ» ማለት አይበቃም፣
ከአንተ በቀር ሌላ ሰው ኋላውን አያውቅም።
«ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ፣ ሰማያዊው በር»
ብለህ ጻፍ፤ በአማርኛም፣ በዕብራይስጥም፤
ለሩስኛው ጎረቤትህን ግሪሻን አስቸግር።
ዕብራይስጤ ይሰነካከላል ብለህ አትፈር።
እኔ «ሱሪ አሳጥራለሁ» ልል «ሰው አሳጥራለሁ» ብዬ ጽፌ፣
አንድ መቃ የመሰለ ወታደር መጥቶ ቆመ ደጃፌ፤
«እኔን እስከ ስንት?» አለኝ።
እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ነው።

ስህተትህንም አትቅበር።
የአንድ ሙሽራ ሱሪ፣ አንድ እግሩን በሦስት ጣት አሳጠርኩት፤
ላብ አጠመቀኝ። ማዓያን ቀረጸችኝ፣
ስፈታው፣ ስቀጥለው፣ ስተኩሰው፤ እንዳለ ለጠፍኩት።
ሙሽራውን ጠይቄ ነው ታዲያ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ
ልብሱንም ጫማውንም አደባባይ አታውጣ፤
በአንዲት ቀሚስ ሳቢያ አንዴ ተዋርጃለሁ፣ ያውቃል ዘመድ አዝማድ።
ከለጠፍኩት ሁሉ ሰው የተቀባበለው ያችን አጭር እግር ነው።

አንዲት ሴት «ክሩ በሳምንቱ ተበጠሰ» ብላ ጻፈችብኝ።
ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፣ ስድብ አማረኝ።
ጠዋት፣ ሁሉ እያየ፣ «አምጪው፣ በነፃ» አልኳት፤
መጣች። ሰፋሁላት።
ማታ የጻፈችው ከአሥር ማስታወቂያዬ በለጠ።

ተከታይ ግን አትቁጠር።
አገር ቤት ተከታይ የነበረው ቄስ ነው፣ ወይ ሽፍታ፣
ዛሬ እኔም ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አለኝ፣ የአዝራርና የዚፕ ጌታ።
ዲሞና ያለው አጎቴ የለጠፍኩትን ሁሉ ይወዳል፣
ሱሪውን ግን እዚያው ዲሞና ያሳጥራል።

አርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ክተት።
«ቅዳሜ እኮ ብዙ ሰው ያያል» አለችኝ ልጅቱ።
«ይይ» አልኳት፣
«በሩ መዘጋቱንም ይይ።»

ይኸው ነው። ጽሑፌ ረዘመ፣ አውቶቡሱም መጣ መሰለኝ።
የመጀመሪያውን ጫማ አንሳና ላክልኝ፣
ጠዋት፣ በሩ ላይ፣ በፀሐይ።
እወደዋለሁ።

አይ፣ ቆይ። የእኔም ጫማ ተረከዙ አልቋል፣ ከከረመ።
እሑድ ይዤው እመጣለሁ፤
ዲሞና እንዳለው አጎቴ እንዳልሆንብህ።