ሰም ቆራጯ

ካንዲ ላይ ይዘንባል፤ ከመስኮቱ ማዶ
ወንዙ ጭቃ ለብሶ፣ ከዳገቱ ወርዶ
ሲያልፍ እሰማዋለሁ።
                    ሥራዬ መቁረጥ ነው፤
ከምላስ፣ ከከንፈር፣ ከድድ የተነሣው
ሥጋ ሰም ውስጥ ገብቶ፣ ቀዝቅዞ ሲጠጥር፣
ቢላዬ ያወጣዋል፣ ቀጭን፣ ከሕፃን ፀጉር።
ውጤቱ ግርጌ ላይ ስሜ አይጻፍም፤
ቢላዬ ካልሄደ ግን ዐይን ሁሉ አያይም።

ማክሰኞ ብልቃጥ መጣ፣ ፎርማሊን ሞልቶ፣
ውስጡ የምስር ፍሬ ያህል ሥጋ፣ ነጥቶ።
«ጉናዳሳ። ሃምሳ አንድ ዓመት። ምላስ፣ በስተግራ።»
«ሻይ ቀማሽ» ይላል፣ ከጎኑ፣ የሰውየው ሥራ።
በቀን ሦስት መቶ ስኒ በማንኪያ እየማገ፣
ሳይውጥ እየተፋ፣ ጉድለት እየፈለገ፣
የቱ ተራራ ቅጠል፣ የየት ሳምንት ዝናብ እንደሆነ
በአንድ ፉት ለይቶ ስንቱን የበየነ
ምላስ፣ አሁን ራሱ ተበያኝ ሆነ።

ወጣቱ ሐኪም አየ። አየና ዝም አለ።
የላዩ ቆዳ ጣት አውጥቶ፣ ቁልቁል ሥር ተከለ።
«ካንሰር» ብሎ ጻፈ፤ ግን በእርሳስ ነበረ።
በእኔ ሐሳብ ግማሽ ምላስ ያኔውኑ ተቆርጦ ቀረ።

ማልካንቲ መጣች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ሌንሱ ላይ ቆየች፣ ምሳዋን ሳትበላ።
«ይሄ ገና ልብሱ ነው» አለች፤ «ላዩን ነው የነካሽው።
ጠልቀሽ ሂጂ፣ ኢንድራኒ፤ እንዳያልቅብሽ፣ ቀስ ብለሽ ቁረጪው።»

ጠልቄ ሄድኩ። እጄ ላበው። ሰሙ እየሳሳ፣
አንዱ ተቀደደ፣ አንዱ በትንፋሼ ተነሣ፣
ሦስተኛው ውሃው ላይ ተኛ፣ ሳይሸበሸብ፣ ለሽ ብሎ።
ከዚያ ሁሉ ጣት በታች፣ እዚያ፣ ተከልሎ፣
ገርጠት ያለ፣ ሰፋ ያለ ሴል፣ እርስ በርሱ ተቃቅፎ፣
ሆዱ በብናኝ ተሞልቶ፣ የሻይ ወንፊት ሥር እንደሚቀር ዱቄት፣ ተርፎ።
ማቅለሚያ ጣልንበት፣ የነርቭን ወገን የሚያውቀውን፤
በማግስቱ ለበሰ የፈላ ሻይ ቀለሙን።

«ግራኑላር ሴል ቱመር። ብርቅ ነው፤ ክፉ ግን አይደለም።
የድሮ ሊቃውንት ጡንቻ ብለውት ነበር፤ አልፈርድባቸውም፤
የነርቭ ልባስ ልጅ ነው። ላዩ ያለው ቆዳ
ደንግጦ ነው የወፈረ፣ ከሥሩ ሲያድር እንግዳ።»
ላዩን ያነበበ ሰሙን ይዞ ሄደ።
ወጣቱ ላጲሱን ፈለገ፣ ጆሮው እየነደደ።

ጠርዙ ላይ ጥቂት ቀርቷል፤ ይመለሳል ቢላ፣
ለጥቂቱ ብቻ፤ ግማሽ ምላስ የሚል የለም ከዚህ ኋላ።

በሳምንቱ ሐሙስ መጣ፣ ጃንጥላው እያንጠባጠበ፣
አፉን በመሐረብ ይዞ ወደ መስኮቱ ቀረበ።
«ለሐኪምህ ነው የምንሰጠው» አልኩት። ሕጉ ነው። ፊቴን አነበበ።
ምን እንዳነበበ አላውቅም፤ ከኪሱ አውጥቶ
በጋዜጣ የተጠቀለለ ሻይ፣ ሄደ፣ መስኮቱ ላይ ትቶ።

ማታ አፈላሁት። ስኳር አልጨመርኩም።
በማንኪያ ማግ አደረግሁ፣ እንደ እሱ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ አልዋጥኩም።
ሻይ ሻይ አለኝ።
               ተራራውን አልነገረኝም።