ግራ የሌላት ታንኳ

"ግራ የለም" ይላል፣ "በዚህች ታንኳ ላይ፤
ቀኝም የለም ልጄ፣ ግራ አይግባሽ በይ።
አንዱ ወገን ነፋስ፣ አንዱ ወገን ጥላ፤
ባሕር ላይ የለንም ከዚህ ወገን ሌላ።"

አያቴ ላንጂቦን፣ ገመድ ጣቱን የበላው፣
አይሉክ ዳርቻ ላይ ይህን ነው የሚለው።
በዘንግ የታሰረው ተንሳፋፊው ግንድ፣
ወደ ነፋስ ብቻ የሚዘረጋ ክንድ።

መንገድ ስንቀይር ታንኳዋ አትዞርም።
የሸራውን እግር ከአፍንጫዋ ነቅለን፣
ተሸክመን ሄደን ጅራቷ ላይ ስንተክል
ጅራት አፍንጫ ይሆናል፤
መቅዘፊያውም ይሮጣል ወደ ቀድሞው ፊት።
ፊት የነበረ ኋላ፣ ኋላ የነበረ ፊት፤
ክንዷ ግን እዚያው ነው፣ ከነፋሱ ፊት።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ "ወደ ጥላው!" ሲለኝ
ወደ ነፋስ ሮጥኩ፤
ግንዱ ከነእኔ ሰመጠ፣ እስከ ወገቤ።
አልተቆጣም። ኮኮናት ሰብሮ ሰጠኝና
"አሁን ወገንሽን አወቅሽ" አለኝ።

ዘንድሮ ማጁሮ፣ ሆስፒታል፣ አልጋ ዐሥራ አንድ።
ግማሽ አካሉ ከድቶታል።
ነርሷ "ግራ እጅህን አንሣ" ትላለች፤
እሱ ጣሪያ ያያል።
"ግራ!" ድምጿን ከፍ አድርጋ፤
ከዚያ ወረቀቷ ላይ፦ አይሰማም።
ሰማንያ ዓመት ሙሉ ግራ ገብቶት የማያውቅ ሰው።

ባለ እግር ቬንትሌተር አለ፣ ከበሩ በኩል።
አየሁት። ወዴት እንደሚነፍስ አየሁ።
"አያቴ" አልኩት፣ "የነፋሱን ክንድ።"

የሞተው እጅ አልተነሣም።
ደኅናው መጣ እንጂ፤ ደረቱን ተሻግሮ
ያንን በድን እንደ ሸራ እግር ታቅፎ
አነሣው፣ አንድ ስንዝር።
ነርሷ የጻፈችውን ሰረዘች።

ማታ ቬንትሌተሩን ወሰዱት ወደ መስኮቱ፣
ለጎረቤቱ ለጆርቦን፣ ሙቀት ላልቻለው።
ጠዋት ስገባ ትራሱ ባዶ ነው፤
ራሱ በግርጌ፣ እግሩ በራስጌ፣
በምን ጉልበት እንጃ። ማን እንደረዳው እንጃ።
የማይሰማው ክንዱ ግን እዚያው ነው፣ ከነፋሱ ፊት።

"ማን ገለበጠህ?" ነርሷ ጮኸች።

"ማንም" አለ፣ በአንድ ወገን ከንፈሩ ብቻ እየሣቀ፤
"መንገድ ቀየርኩ።"