ግራ እግር

«ከዚህ እስከዚያ ድረስ፣ በመሃል ስንት ይግባ?»
ብሎ ጠየቃት ኮምፒዩተሩ፣ ሌሊቱ ሊጠባ።
በግራ ሰማያዊ፣ የባቡር ሠራተኛ ካፖርት፤
በቀኝ ቢጫ፣ ዓይን የሚወጋ፣ የሎሚ ቅርፊት።
ብርድ ልብስ ነው የታዘዘው፣ ዐሥራ አንድ ሰንበር ያለው፤
ደንበኛው «እንደ ምሽት ይሁን» ብሏል፣
«መቼ እንደገባ ሰው የማያውቀው።»

ኦርቴንሲያ «ዘጠኝ» ብላ ጻፈች።
ቁልፉን ነካች።
ከዓይን ጥቅሻ ፈጥነው ዘጠኝ ልጆች ተወለዱ፣
እኩል እኩል እየተራመዱ
ከአባት ወደ እናት ሄዱ።
አንደኛው ፈዘዝ ያለ፣ ሁለተኛው ይበልጥ ፈዘዝ፣
ሦስተኛው ደም የሌለው፣ አራተኛው ቀዝቀዝ፣
አምስተኛው፣ መሃሉ፣ ልቡ የሚባለው፣
አመድ።
የሰማያዊ ባዳ፣ የቢጫ የሩቅ ዘመድ።

እጁን በቀለም ያጨማለቀ ሕፃን እንኳ
ሁለቱ ሲጋቡ አረንጓዴ እንደሚወልዱ ያውቃል።
ኮምፒዩተሩ ግን እጁ ቆሽሾ አያውቅም፤
ቁጥርን ከቁጥር ደምሮ፣ ለሁለት ያካፍላል።

አባቷ ዱዊሊዮ ከምድር ቤት ወጣ፣ ደረጃውን እየረገመ።
አርባ ሦስት ዓመት በፕራቶ መጋዘኖች
የዓለምን አሮጌ ሹራብ እንደ ምስር የለቀመ።
በነሱ ቤት ሱፍ አይነከርም፤ የተጣለው ዳግም ይፈተላል፤
«ቀለሙ ከሰው ጋር ኖሮ፣ በስሎ ነው የሚመጣው» ይላል።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ።
«ይቺ አምስተኛዋስ? የጡረተኛ ካልሲ!»
ሳቀ፣ ሳል እስኪይዘው፣ እንባውን እያበሰ።

ወርዶ በማዳበሪያ ጨርቅ ይዞ ተመለሰ።
ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ፦
የገዳም ትምህርት ቤት ሹራብ፣ ክርኑ ያለቀ፤
የዓሣ አጥማጅ ኮፍያ፣ ጨው የነከሰው፤
ሐመልማል ሻርፕ፣ የማን እንደነበር ያልታወቀ፣
ዝናብ የጠገበ ሣር የመሰለ፤
ሰናፍጭ የመሰለ የሕፃን ጓንት፣ አንዱ ብቻ።
ያነሳል፣ ይመልሳል። አይቆጥርም፣ አይለካም።
እዚህ ላይ ይዘላል፣ እዚያ ላይ ያዘግማል፤
ቀለሞቹ ልክ እንደ ጉልበቱ ያነክሳሉ።
ኦርቴንሲያ የጠብታ ምልክቷን ይዛ ከኋላው ትከተላለች፣
ከእያንዳንዱ ፎቶ አንዲት ነጥብ ትቀዳለች።

ስምንት ሞሉ። ሰባተኛው ቦታ ባዶ ነው።
ማዳበሪያውን ገለበጠ፣ አራገፈ፤ አቧራ ብቻ።
«ይሄ አረንጓዴ ይጮሃል» አለ፣
«ዝም የሚል ጎረቤት ነው የሚያስፈልገው።»
ተቀመጠ። የጫማውን ክር ፈታ።
የግራ ካልሲውን አውልቆ
በክፍተቱ አጋደመው፣ በዝግታ።

ያቺው አምስተኛዋ! ቁርጥ እሷን!
ኦርቴንሲያ ቁጥሩን ከቁጥር አስተያየች፤
ልዩነቱ ከፀጉር ይቀጥናል።
«ታዲያ ኮምፒዩተሩ ልክ ነበራ!»
«ልክማ ነበር። የት እንደምትቀመጥ አላወቀም እንጂ።
አሁን ወለሉ በረዶ ሆኗል፣ ካልሲ አምጪልኝ እባክሽ።»

ፋብሪካው ለየሰንበሩ ስም ይጠይቃል።
ለሌሎቹ አልተቸገረችም፦ ገዳም፣ ጨው፣ ሣር፣ ጓንት።
ሰባተኛው ላይ እጇ ቆመ፣ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ።
በሷ ቋንቋ ምን ብላ እንደጀመረች አላውቅም፤
በኔ ቋንቋ ግን እንዲህ ነው የሚሆነው፦
«ግራጫ» ብላ ጻፈች፣
«ጫ»ን ሰረዘች፣
«ግራ» ብቻውን ቀረ፤
አጠገቡ «እግር» ብላ ጨመረች።

ከመሳቢያዋ ያገኘችው ካልሲ ጥንድ የለውም፤ ግን ይሞቃል።
ጎህ ሲቀድ ዱዊሊዮ ደረጃውን ወረደ፣
ቀኝ እግሩ ግራጫ፣
ግራ እግሩ ቢጫ።