ዐሥራ ሁለት ብርቱካን

ዘይቱ እስኪንጫጫ፣ ዓሣው እስኪጠበስ፣
አራት ሆነን ቁጭ ብለናል፣ ከጣና ዳር ከነፋስ።
ወሬያችን እንደ አምባዛ ሙልጭልጭ ነው ከእጅ፣
አንዱን ሳንጨብጠው ሌላው ይቆማል ከደጅ።

ባጃጅ አለፈ። ባንቺአምላክ ጣቷን ቀሰረች፤
የፊዚክስ መምህር ናት፣ መጠየቅ ግን አልተወች፦
«ሲመጣ ድምፁ ቀጠነ፣ አልፎን ሲሄድ ወፈረ፤
ሾፌሩ ጆሮ ውስጥ ግን ያው ነው እንደ ነበረ።
ቀመሩን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤
እሱ የማይሰማውን እኛ መስማታችንን ግን
ዛሬም እደነቅበታለሁ።»

ዓሣው መጣ። ይትባረክ ጭንቅላቱን ፈለጠ፤
ከሩዝ የማትበልጥ ጠጠር ከጆሮው መነጠጠ።
«ዕድሜው እዚህ ተጽፏል፣ እንደ ግንድ ቀለበት፤
ክረምቱም፣ በጋውም፣ የተራበበትም ወራት።
እኔንስ ቢፈልጡኝ» አለ፣ «የቱ አጥንቴ ላይ
ይነበብ ይሆን ያ የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ስቃይ?»

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ጣቴን አሳየሁ፣
ከሐይቁ ስወጣ የሚጨማደደውን። «ልጅ ሳለሁ
እርጅና የሚለማመድብኝ ይመስለኝ ነበር።»
ማንም አልሳቀልኝም፤ ሁሉም ዓሣ ይበላ ነበር።

አንለይ ዝም ብሎ ነው ሲያደምጥ ያመሸው፤
ውሃ እየቀዳ የሚመረምር፣ በወር አንዴ ቁንዝላ የሚወርድ ሰው።
«አባይ ጣናን ሰንጥቆ» አለ፣ «ሳይደባለቅ ያልፋል ይባላል፤
ሽማግሌው ይላል፣ ሕፃኑ ይላል፣ አስጎብኚው ይላል።
ማን አየው?»

ዝም።

«ሎሚ እንጣልበትና ከመውጫው እንጠብቅ» አልሁ።
«ሎሚ መወርወር ለጥምቀት ነው» አለች ባንቺአምላክ፤
«ደግሞስ ይንሳፈፋል?»
ከአስተናጋጁ ባልዲ ለመንን።
ሎሚው ሰመጠ።
ብርቱካኑ ተንሳፈፈ።
ላጥነው፤ የተላጠው ሰመጠ።
ለካስ ልጣጩ ነው ጃኬቱ፣ በአየር የተወጠረ፤
አስተናጋጁም ሒሳቡ ላይ ብርቱካኑን ጨመረ።

በሳምንቱ አንለይ፣ ቁጥር የጻፈባቸውን
ዐሥራ ሁለት ብርቱካን ይዞ ወረደ፣
ግልገል አባይ ሐይቁን ከሚገባበት ለቀቃቸውና ሄደ።
እኛም በየተራ ድልድዩ ላይ ቆመን
የሚወርደውን ሁሉ ደብተር ላይ መዘገብን፦
የእንቦጭ ጉማጅ፣ ሰባት።
የግራ እግር ነጠላ ጫማ፣ አንድ።
የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ መቁጠር አቆምን።
ይብራ፣ ሁለት፤ እነሱም ሽቅብ የሚቀዝፉ።
ብርቱካን፣ የለም።
«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉን አንዲት እናት።
«ብርቱካን» አልናቸው፤ አማትበው አለፉ።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ጋሽ ይስማው
የደንገል ታንኳቸውን ዳር ላይ ጎትተው፣
ከኪሳቸው የደረቀ ልጣጭ አወጡ።
«ሰባት ይላል። የናንተ ነው አሉኝ።
ግሩም ጣዕም ነበረው።»
«የት አገኙት?»
«ከዘጌ ወዲያ።»
«መቼ?»
«የገበያ ዕለት።»
«የትኛው ገበያ?»
«እሱንስ እንጃ።»

«ማስረጃችንን በሉት» አለች ባንቺአምላክ በሹክሹክታ።
ጋሽ ይስማው ግን አልሄዱም። መቅዘፊያቸውን ተደገፉና፦
«እኔም ልጠይቅ እንግዲህ። ቀን ነፋሱ ከውሃው ወደ መሬት ይመጣል፤
ሌሊት ደግሞ ዞሮ፣ ከመሬቱ ወደ ውሃ ይወርዳል።
ዐርባ ዓመት ቀዝፌበታለሁ።
ማነው የሚያዞረው?»

አራታችንም እኩል አፋችንን ከፈትን፣
እኩል ደግሞ ተውነው።
«እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» አለ አንለይ፤
አምስተኛ በርጩማ መጣ፤ ዓሣም ታዘዘ።

ልጣጩ አሁን እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከሳል ሽሮፕ ጎን፤
ወረቀት ለጥፌበታለሁ፦ «ናሙና፣ አንድ።»
የዐሥራ አንዱን ነገር እንጃ።
ማታ ማታ ድልድዩን በባጃጅ ስሻገር
አንገቴን አውጥቼ ወደ ታች አያለሁ።
«ምን ወደቀብህ?» ይለኛል ሾፌሩ።
ሞተሩ ይጮኻል፣
ለእሱም ለእኔም ያው አንድ ድምፅ፣
አይቀጥን፣ አይወፍር።