የቆርቆሮው ቆዳ

አባቴ ዩያ፣ የባቡር ቀለም ቀቢ፣
ደመወዙ ትንሽ፣ እጁ ግን ዋቢ፤
ከድሬዳዋ ወዲያ፣ ሦስት ፌርማታ ያህል፣
አንድ ቆርቆሮ ነበረው፣ ስም የሚዘራበት፣ ልክ እንደ እህል።

ከቆርቆሮው በፊት አገሩ ሁለት ስም ነበረው፤
ላጋ ዋጩ ይለው ነበር ማሽላ የሚዘራው፣
ቢዮ ጌል ትለው ነበር ግመል የምታጠጣው፤
አንዱ በዛፉ ጠርቶት፣ ሌላዋ በውሃው።
ዝናብ በዘገየ ዓመት ጉድጓድ አፍ ላይ ይጣላሉ፣
ዝናብ በጣለ ዓመት በሁለቱም ስም ይምላሉ።

ሸመንደፈር ሲመጣ ጠያቂ ጆሮ አልያዘም፣
የያዘው ሜትር ነበር፤ ሜትር ሰው አይሰማም።
«ኪሎሜትር ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ» ብሎ ጻፈ፣
ዛፍና ውሃውን በነጭ ቁጥር አለፈ።
ሸፍደጋሩ ሙሴ ስታማቲ ደወል በመታ ማታ
አንድ ልጅ ተወለደ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ተርታ፤
ሰማንያ ዘጠኝ አሉት። ለሳቅ ነበር። ቀረ።
መስጊድ ሌላ ስም ሰጡት፤ አቤት የሚለው ግን ለቁጥሩ ነበረ።

ጣሊያንም ስም ነበረው። ይህን አባቴ ይዘላል።
«ምን ነበር የጻፍከው?» ስለው፣
«ዘይቱ ወፍራም ነበር፣ ቀለሙ ጥሩ» ይላል።

ከዚያ አንድ ሹም ሲያልፍ፣ ጣቢያው ላይ ሻይ ጠጣ፤
ሻዩ ሳይበርድ «ፀሐይ በር» የሚል ደብዳቤ መጣ።
«ፀሐይማ መች አጣን! የቸገረን ጥላ ነው»
አለች አሉ ሂቦ፣ ግመሏን ስትነዳው።

በአብዮቱ ጊዜ ቀይ ቀለም ተገዛ፣
«ትግል ፍሬ የገበሬዎች ማኅበር»፤ ስሙ ከቆርቆሮው በዛ።
አባቴ የመጨረሻዋን «ር» ምሰሶው ላይ ጻፋት፣
የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ወሰዳት፤
እኛም እንደተጻፈው «ማኅበ» ነው የምንለው፣
ዛሬም «ከየት ነሽ?» ቢሉኝ አፌን የሚቀድመው።

ባቡሩ ቆመ። አዲሱ ሐዲድ በሩቅ ሄደ።
ፍየል ሲታከክበት ምሰሶው ጎንበስ ለመደ።

መታወቂያ ላወጣ ሄድኩ፤ የልደት ወረቀቴ ፀሐይ በር፣
የትምህርት ቤት ካርዴ ማኅበር፣
የእናቴ የኒካህ ውል ቁጥር።
ጸሐፊዋ መነጽሯን አወለቀች፤
«እማማ፣ ስንት ቦታ ነው የተወለዱት?» ብላ ጠየቀች።
አንድ ቦታ፣ ልጄ። አንድ ሌሊት። ፋኖሱም አንድ።

አምና ደብዳቤ መጣ፤ «ላጋ ዋጩ» ተመለሰ፤
ዋጩው ግን ከሰል ሆኖ ድሬ ጓዳ ውስጥ ከጨሰ
ሃያ ዓመት አልፎታል። በሬ ታረደ፣ ተበላ፤
የሂቦ የልጅ ልጆች ቆመው በሉ፣ ከሰው ኋላ።

እኔ ምስማር ይዤ ቆርቆሮውን ፋቅኩት፣
ቀዩን፣ ከቀዩ ሥር ቢጫውን፣ እየገለጥኩት።
ከቢጫው ሥር ወፍራም ዘይት። የአንድ ፊደል ጫፍ።
ከጫፉ አጠገብ የአውራ ጣት አሻራ፣
ሳይደርቅ የተነካ፤ የልጅ ጣት፣ የአባቴ።

ምስማሩን ጣልኩት።

ጋሽ ሰማንያ ዘጠኝ ከዘራውን ተደግፎ፣ «ምን ይላል?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት።
«እኔስ ዘንድሮ ዘጠና ደፈንኩ፤
ስሜን በአንድ በለጥኩት።»