የጦይባ በር

ነሐሴ ሲገባ ጦይባ መጣች፣
«በርህ አልዘጋ አለኝ» ብላ ተቆጣች።
«ጥር ላይ ስትገጥመው እንደ ጥርስ ገጥሞ፣
ክረምት ሲገባበት ቆመ ተጣምሞ፤
በትከሻዬ ገፍቼ፣ በእግሬ ረግጬ፣
አደርኩኝ ሌሊቱን ደጁ ላይ ተቀምጬ።»

አውርጄ ወሰድኩት ሰኞ ገበያ፣
አጋድሜ አየሁት ሳላነሳ መላጊያ።
ሙሔ ልጅ ነው ገና፤ «ኮላው ነው» ይለኛል፣
«ማጠፊያው ነው» ይላል፣ ምክንያት ያድለኛል።
እኔ ግን የጣውላውን ጫፍ በምራቅ አርጥቤ
ዕድሜውን ቆጠርኩት በጥፍሬ አንብቤ።

የፈረንጅ ጥድ። ቀለበቱ ሰፊ፣ ጣት የሚያስተኛ፣
ለስላሳ፣ ውሃ ወዳድ፣ እንቅልፈኛ፤
ጉጡ እንደ ቡጢ ሦስት ቦታ ጎልቶ፣
ቅርንጫፉ ሳይገረዝ ውስጡ ቀርቶ ሞቶ፤
በገደሉ በኩል ቀለበቱ ወፍሮ፣
በጋራው በኩል ቀጥኖ፣ እንደ ክር ተወጥሮ።
ነፋስ ሲገፋው ነው፣ እንዳልወድቅ ብሎ
በታች ጎኑ ያበጠ፣ ሸክሙን ተቀብሎ።
ያ ጎኑ ነው ዛሬ ጭጋጉን ጠጥቶ
የጦይባን ደጃፍ የያዘው ተቆጥቶ።

ሱቄን የተሸከመ አንድ ወጋግራ አለ፣
የሐበሻ ጥድ ነው፣ ከአያቴ ቤት የተነቀለ።
ልቁጠረው ብዬ አንድ ቀን ጀምሬ
መቶ ላይ ጠፋብኝ፣ ደከመ መነጽሬ።
በታላላቆቹ ጥላ ተፋፍኖ፣ ተጨንቆ፣
ብርሃን በወቄት ተመዝኖለት፣ በስስት ተጨምቆ
ያደገ ነው እሱ፤ ምስጥ አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል፣
ሚስማር ይጎብጣል እንጂ መች ይገባዋል?

ይኼኛው ግን…
«ጦሳ ነው፣ ከምንጩ በላይ» ብሎኝ ነበር ሻጩ።
ያን ረድፍ አውቀዋለሁ። እዚያው ነበርኩኝ፣
ለቀን ሦስት ኪሎ ስንዴ ችግኝ የተከልኩኝ።
ረድፍ ለጨረሰ ነው ስንዴው የሚሰፈረው፣
ችግኙን ማን አየ? ማን ነበር የቆጠረው?
አንዱን ተክዬ ሁለት ጉድጓድ አለፍኩ፣
የተረፈኝን እሽግ ቁጥቋጦ ስር ጣልኩ።
ርቦኝ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ።
ከዚያ ወዲያ ዞሬ አላየሁትም።

ጎረቤት ሳይገፋው፣ ፀሐይ ሳይነፍገው፣
እንደ ልቡ ወፈረ፣ ማንም ሳይገርዘው፤
ይኸው ዞሮ ዞሮ በሠላሳ ዓመቱ
መጋዜ ስር ተኛ ከነጉጥ፣ ከነእብጠቱ።

ያበጠውን ላግሁ፣ ጉጡን ፈልፍዬ ደፈንኩ፣
ከጀርባው ሁለት አግዳሚ ቸነከርኩ።

«ሒሳብ ስንት?» አለችኝ ጦይባ ማታ መጥታ።
«የለም» አልኳት፣ «እኔ ነኝ ያለብኝ፣
ሁለት ጉድጓድ፣ አንድ ቦታ።»
አልገባትም። ሳቀች።
ሙሔ ሰጋቱራውን እየጠረገ
ቀና አለና ፊቴን ፈለገ።