ሦስተኛው ቢየላ

ብሬሻ፤ የጥር ወር፤ ከሐዲዱ በስተግራ፣
የፋውስቶ ጋራዥ አለ፣ ገና ሳይነጋ የሚያጓራ።
እዚያ ኮሎ እሞርዳለሁ፣ ቢየላ እመዝናለሁ፣
ፀጉር ሰንጥቄ ግማሹን፣ በሚዛን ላይ አያለሁ።
“ኮሎ” ስል፣ “ቢየላ” ስል፣ ፋውስቶ ሳቁ ያመልጠዋል፣
“ማን አስተማረህ የአያቴን ቃል?” ይለኛል፤ ይገርመዋል።
ማን ያስተምረኛል፣ ዘርጋው ነዋ! የሶማሌ ተራው፣
ጣሊያን አይቶ የማያውቅ፣ በመዶሻ የሚያወራው።
እኔማ ልጅ ሆኜ፣ የሰው ቋንቋ አልመሰለኝም፣
የብረቱ ነበር የመሰለኝ፤ ዛሬም ጨርሶ አልተወኝም።

ዘርጋው እንዲህ ያደርግ ነበር፦
ቢየላውን በሲባጎ፣ ከጣሪያው ማገር ያንጠለጥላል፣
በትንሽ መዶሻ ጫፍ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ነካ ያደርገዋል፣
ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ትንፋሹን ውጦ፣ ጆሮ ብቻ ሆኖ።
ደህናው ብረት ይጮኻል፤ ድምፁ ይረዝማል እንደ ደወል፣
ስንጥቅ ያለው ግን “ዱብ” ይላል፣ እንደ ወደቀ የጨርቅ ጥቅል።
“ቆሎ ለዘር አይሆን፣ እንዶድም ለድግር፣
ካርቶኑን አትመነው፤ ብረቱን አናግር።”

ምትክ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ይህን ልመስክር እኔ፣
ከኦሪጅናሉ የበለጠ ብረት፣ ገጥሜያለሁ በዘመኔ።
ክፉ ኦሪጅናልም አይቻለሁ፣ ማኅተሙ ያስከበረው፤
ሞተር ግን ማኅተም አያነብ፤ እሳት ነው የሚያናግረው።

በመስከረም ሚርኮ መጣ፣ የእንጨት ጫኙ ሾፌር፣
በክንዱ ካርቶን አቅፎ፣ ልደቱ የደረሰ ይመስል ነበር።
“አራት ቢየላ ከነኮሎው፣ በኦሪጅናሉ ዋጋ ሲሶ!
ማነው ሞኙ?” አለን፣ ላቡን በእጅጌው አብሶ።
ያምራሉ፣ እውነት ለመናገር፤ በዘይት ወረቀት ተጠቅልለው፣
ጎናቸው ላይ ፊደል ተቀርጾ፣ እንደ ብር ተወልውለው።
ላዩ ሰርገኛ ነው፤ ውስጡን ለቄስ።
አንድ በአንድ ሰቀልኳቸው፣ ፋውስቶ ስልኩን እስኪጨርስ።

አንደኛው ጮኸ። ሁለተኛው ጮኸ። አራተኛውም እንዲሁ።
ሦስተኛው… እንጃ። ደጋግሜ መታሁ።
“ዱብ” እንኳ አላለም፤ “ድን” ብሎ ነው ያጠረ፣
ሊናገር ከንፈሩን ከፍቶ፣ እንደ ተወ፣ እንዳፈረ።
“ፋውስቶ” አልኩት፣ “የዚህ ድምፁ…” ትከሻውን ሰበቀ፤
“ዕቃው የእሱ፣ ገንዘቡም የእሱ፤ ፈርሟል እኮ፣ አለቀ።”
ሚርኮ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሲጋራውን ይስባል፤
ሁለት እርምጃ ነው መሃላችን፤ ምላስ ግን ስንት ያስባል!
ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ በቁልፍ፣ በልክ፣ እንደ ደንቡ፤
ዝም ስላለ መካኒክ፣ ምንም አይልም መዝገቡ።

ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደ። ትናንት ማታ፣ ከትሬንቶ በላይ፣
ግንድ ጭኖ ዳገት ሲወጣ፣ በረዶው ሲዘንብ ከሰማይ፣
ሦስተኛው ተበጠሰ።
የሞተሩን ጎድን በስቶ፣ በመስኮት እንደ ሌባ ወጣ፤ ዘይቱ በረዶው ላይ ፈሰሰ።
ፒስተኑ ዱቄት፤ ኮሎው ለሁለት፤ መኪናው ከገደሉ ስንዝር ቀረው፤
ሚርኮ ግን ጭረት የለበትም፤ ፈጣሪ ነው የማረው።

ዛሬ መጣ። ግማሹን ቢየላ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
አስቀመጠው ጠረጴዛዬ ላይ፣ እንደ ሞተ ወፍ፣ ቀስ ብሎ።
አልተቆጣም። “እንዴት ነው?” ብቻ አለ። “አዲስ አልነበረም ወይ?”
ስብራቱን ወደ መብራቱ አዞርኩ፤ እሱ እንዲያይ፣ እኔ እንዳይ።
ግማሹ አሮጌ ስንጥቅ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ፤
ግማሹ እንደ ስኳር የደቀቀ፣ ትናንት የተሰበረ።
ከፋብሪካ የወጣ ስንጥቅ፤ ከእኔ አፍ ግን ያልወጣ።
“ሰምቼው ነበር” አልኩት። የፋውስቶ ፊት ነጣ።

ሚርኮ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወንበር ሳበና ተቀመጠ፤
“እስቲ አሰማኝ ድምፁን” አለ፤ ሲጋራውን ረገጠ።
ከመደርደሪያው አራት አዲስ፣ የሌላ ደንበኛ ዕቃ አወረድኩ፤
በሲባጎ ሰቀልኩ፤ በመዶሻው ነካ አደረግኩ።
አንዱ ደወል። ሁለተኛው ደወል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ፣
ባቡር አለፈ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ጠበቅን፣ ዝምታው እስኪመለስ፣
ሦስታችንም፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣
መዶሻው እጄ ላይ፣ ብረቱ አየር ላይ፣ ጆሮ ብቻ ሆነን።